ቁልፉ እሷ ጋ ይሁን፦ ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰችን እህት እንዴት እንቀበል

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ ዳር ዳር ላሉ ትንንሽ የቤተ ክርስቲያን ኅብረቶች ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ላላችሁ። የኛ ኅብረት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ከስደት ተመላሽ እህቶች ወደዚህ የሚመጡት መሃል ከተማ ኪራይ ስለማይቀመስ ነው። ክፍለ ሀገር ባዶ እጇን መግባት የከበዳት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዷ ጓደኛዋ ጋ ተጠግታ ትኖራለች። እሑድ ጠዋት የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ያኔ ብዙ ምእመን ዳቦና ልብስ ይዞ ወጣ። ዳቦው ካለቀ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። እኛም አናውቅም ነበር። ከታች ካለው ብዙውን የተማርነው ተሳስተን፣ እህቶቻችንም ታግሰውን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባን። ዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ሆና የሄደች ሴት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ይኸው ነው። ፓስፖርቷ ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብዙ ጊዜ ስልኳም ይወሰዳል፣ ከቤቱ ከወጣች ደግሞ "ጠፋች" ተብላ በፖሊስ ትፈለጋለች። መቼ እንደምትተኛ፣ ምን እንደምትበላ፣ ለማን እንደምትደውል የሚወስንላት ሌላ ሰው ነው። ደሞዟንም ጤናዋንም ወስደውባታል፤ ከዚያ ሁሉ በፊት ግን "እሺ" እና "አይ" ማለትን ወስደውባታል። ስለዚህ እኛ በፍቅርም ቢሆን ሁሉን ነገር ከወሰንላት፣ ቤቱ ተቀየረ እንጂ ኑሮዋ አልተቀየረም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ከመምጣቷ በፊት

3 ወይም 4 ሴቶች ምረጡ። ወንዶች በገንዘብ፣ በዕቃ ማጓጓዝ፣ በጉዳይ ማስፈጸም ያግዙ፤ አጠገቧ የሚውሉት ግን ሴቶች ይሁኑ። ከመካከላቸው አንዷ ዋና ትሁን፣ ተመላሿ እህት እሷን ብቻ እንድታውቅ። በየቀኑ አዲስ ፊት መምጣቱ ያስጨንቃል፣ ሁሉም ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ መጠየቅ ይወዳል።

መጠለያ መክፈት ሌላ ሥራ ነው። ፈቃድ፣ ባለሙያና የማያቋርጥ ገንዘብ ይፈልጋል። እሷን የሚከታተል ደላላ ወይም የሚዝት ሰው ካለ፣ ወይም ራሷን የምትጎዳ ከመሰላችሁ፣ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ላሉ በዚህ ሥራ ለቆዩ ድርጅቶች ማስተላለፍ ነው የሚሻለው። እናንተ የምትችሉት አንድ ክፍል ተከራይቶ ጥቂት ወራት አብሮ መቆም ነው። እሱም ትንሽ አይደለም።

ክፍሉ ምን ይኑረው? ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ 2 አንሶላ። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ፣ አልጋው አጠገብ እጇ የሚደርስበት ቦታ ላይ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቢያንስ 2 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ ጠብቋት፤ መጀመሪያ የምትፈልገው ገላዋን መታጠብ ነው። ወለሉን ስታጸዱ በረኪና አትጠቀሙ። አንዷ እህታችን በሩ ላይ ስትደርስ የበረኪናው ሽታ አፍንጫዋን ሲመታት ወደ ኋላ ተመልሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ በረኪና ውስጥ እጇን ነክራ እንደኖረች ያወቅነው በኋላ ነው።

ቁልፉ 2 ይሁን። አንዱ የሷ ነው፣ ገና በሩን ሳትገቡ መዳፏ ላይ አስቀምጡላት። ሌላው በፖስታ ታሽጎ የምታምናት ሰው ጋ ይቀመጥ፤ የት እንዳለ ንገሯት።

የመጀመሪያው ምሽት

ታሪኳን አትጠይቁ። ምንም ቢያጓጓ አትጠይቁ። ምግብ፣ ሻወር፣ እንቅልፍ። ስልክ መደወል ከፈለገች ስልካችሁን ስጧትና ከክፍሉ ውጡ።

ትንንሽ ምርጫዎች ስጧት። ይህ ቀላል ይመስላል። አንድ ምሽት ለአንዷ ሻይ እየቀዳሁ "ስኳር ስንት ላድርግልሽ?" አልኳት። ብርጭቆውን አየች። እኔን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። መልሱን የምትፈልገው ከኔ ፊት ላይ ነበር፣ የትኛው ቁጥር እንደማያስቆጣኝ። ማንኪያውን ስኳሩ ውስጥ ትቼ ዕቃውን ወደሷ ገፋሁት፣ ወደ መስኮቱም ዞር አልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ ሰማሁ። 4 ጊዜ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ሻይ የሚቀርበው ስኳሩ ለብቻው ሆኖ ነው።

የሰነዷን ነገር አደራ። ብዙዎቹ የሚመጡት በሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ በሚሰጥ የጉዞ ወረቀት ነው፣ ፓስፖርቱ እዚያው አሠሪ ጋ ቀርቷል። ያቺ አንድ ወረቀት ማንነቷን የምታሳይላት ብቸኛዋ ማስረጃ ልትሆን ትችላለች፣ እሷም ተናዳ ልትቀድዳት ትችላለች። በሷ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ አድርጉላት፣ ዋናው ግን እሷው ጋ ይቀመጥ። "እኔ ላስቀምጥልሽ" የምትለዋ ቃል ከማዳሟ አፍ የሰማቻት ቃል ናት። ቆይቶ፣ ስትረጋጋ፣ የቀበሌ መታወቂያና የፋይዳ ምዝገባ አብራችሁ ሂዱ። ፋይዳ ምዝገባው በነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትስሙ።

ማውራት ስትጀምር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከወርልድ ቪዥንና ከሌላ አጋር ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ነገሩን በ3 ቃል ነው የሚያስቀምጠው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማለት አሁን ምን ያስፈልጋታል፣ ሰላም ናት ወይ፣ በልታለች ወይ ማለት ነው። ማዳመጥ ማለት የነገረችንን ያህል መስማት ነው፣ ሳንጎረጉር። ማገናኘት ማለት እኛ የማንችለውን ወደሚችለው ማድረስ ነው። ዝርዝሩን እንድትነግረን መግፋት ማዳን አይደለም፤ አንዳንዴ ቁስሉን ነው የሚያመረቅዘው።

እኛ ጋ የሚሠሩ አባባሎች እነዚህ ናቸው። "ዛሬ ማውራት ባትፈልጊ ምንም አይደል።" "እዚህ ጋ ማቆም እንችላለን።" "ያጠፋሽው ነገር የለም።" መጨረሻ ላይ ደግሞ "ይህን ለማን ብነግር ትወጃለሽ? ለማንስ እንዳልነግር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያለችውንም ጠብቁ። ለፓስተሩም ቢሆን ያለፈቃዷ አይነገርም።

የማይሠሩት ደግሞ ብዙ ናቸው። "አይዞሽ ይረሳል" አይባልም፣ አይረሳማ። "ከነሕይወትሽ መምጣትሽ ነው፣ ስንቷ በሬሳ ሳጥን መጣች" የሚለውም ልብ ይሰብራል፤ ምናልባት በሳጥን የመጣችው ጓደኛዋ ናት። "ማን ሂጂ አለሽ?" የሚለውን እንኳን በአፍ በፊትም አታሳዩ። ተታላ የሄደች ሰው "ፈቅዳ ሄዳለች" አትባልም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ስምምነትን አይቆጥረውም።

ሰውነቷ

ነፍሷ ላይ ከመሮጣችን በፊት ጤና ጣቢያ እንሂድ። ብዙ ጊዜ የምትነግራችሁ ራሷን እንደሚያቃጥላት፣ ጨጓራዋ እንደሚነድ፣ ወገቧ እንደሚቆርጣት ነው። ይህ ሰበብ አይደለም፣ ጭንቀት በኛ አገር ሰው ሰውነት ላይ የሚወጣው እንዲህ ነው። እዚያ ታስራ የቆየች ከሆነ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ተኝቶ ነበርና ሳሏ 2 ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋታል። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ተደፍራ ከሆነና ቅርብ ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል፦ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እርጉዝ ሆና ከመጣች ወይም ልጅ ይዛ ከመጣች የልጁን አባት ማንም አይጠይቅ። በወረዳው የልደት ምዝገባ ስትሄዱ ብቻ አብራችሁ ቁሙ፣ ወሬኛ ሲበዛ ፊት ለፊቷ ሆናችሁ ሸፍኗት።

ምርመራ ክፍል ልትገባ ስትል "አብሬሽ ልግባ ወይስ ውጭ ልጠብቅሽ?" በሏት።

ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ድምፅ የምትሰማ ከሆነ፣ "ባልኖር ይሻል ነበር" ማለት ከጀመረች የአእምሮ ሐኪም ነው። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ የካ ኮተቤ አለ። ሰው "አማኑኤል ሄደች" ከሚላት ብሎ ማዘግየት ስንት ሰው አሳጥቶናል። መድኃኒት ከታዘዘላት አብራችሁ ተከታተሉ፤ ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ለውጣቸው የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ በ5ኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብላ እንዳትተወው ከወዲሁ ንገሯት። ጸበል መጠመቅ የምትፈልግ ኦርቶዶክስ እህት ከሆነች ትሂድ፣ ኪኒኗንም ይዛ ትሂድ።

ሌሊት

ሌሊት ደንግጣ ስትነሳ አትንኳት፣ በጨለማ ከላይዋ አትቁሙ። መብራት አብሩ፣ ስማችሁን ተናገሩ፣ የት እንዳለች ንገሯት። "እኔ ነኝ። ያለሽው ቱሉ ዲምቱ ነው። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው።" ከዚያ እግሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ቅዝቃዜውን እንድታስተውል፣ የምታያቸውን 5 ነገሮች ስም እንድትጠራ ቀስ ብላችሁ ጋብዟት። ፍራሽ። ጀሪካን። መጋረጃ። እንዲህ ስትል ትንፋሿ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ሰውነቷ አሁንም ያ ቤት ውስጥ ያለ መስሎት ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ዓይኗ ደግሞ እዚህ እንዳለች እየነገረው ነው።

ቡና ስታፈሉ ዕጣን ከመጨመራችሁ በፊት ጠይቋት። ለኛ የዕጣን ሽታ ቤት ነው፣ ሰላም ነው። ዓረብ ቤት ውስጥም ግን ይጨሳል፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ስታስተናግድ። አንዳንዷ ስታሸተው ትረጋጋለች፣ አንዳንዷ ፊቷ ይጠቁራል። ከጠየቃችኋት ትነግራችኋለች።

ጸሎትና ቃል

እንጸልያለን፣ ያለ ጸሎት ይህን ሥራ አንድ ወር አንዘልቅም። ግን "እንድንጸልይልሽ ትፈልጊያለሽ?" ብለን፣ "እጅ ብንጭንብሽ ቅር ይልሻል?" ብለን ነው። "አይ" ካለች ሳቅ ብለን "እሺ" እንላለን፣ ቤታችን ሄደን እንጸልያለን። የምትንቀጠቀጥ ሴት ላይ ተሰብስቦ መጮህ፣ "መንፈሱ ውጣ" ማለት እጅግ ይጎዳል። አንድ ጊዜ እንግዳ አገልጋይ እንዲህ ሲያደርግ ዝም ብለን አየን፤ ያቺ እህት ተመልሳ አልመጣችም። አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

የሚመጡት ሁሉ የኛ ምእመናን አይደሉም። ሙስሊሞች አሉ፣ ኦርቶዶክሶች አሉ። ክፍሉም፣ ምግቡም፣ ሐኪሙም ለሁሉም እኩል ነው፣ የእሑድ ፕሮግራም መግባት መክፈያ አይሆንም። መስገጃ ለምትፈልገው ንጹሕ ቦታ አዘጋጁላት። ክርስቶስ 10 ለምጻሞችን ሲያነጻ ሊያመሰግነው ተመልሶ የመጣው 1 ነው፣ የሌሎቹን ፈውስ ግን አልወሰደባቸውም።

መድረክ ላይ ምስክርነት አታሰጧት። እሷ ራሷ ብትጠይቅ እንኳን "ከ1 ዓመት በኋላ እንነጋገርበት" በሏት። ጉባኤው ያለቅሳል፣ እልል ይላል፣ ቤቱ ይገባል። እሷ ግን በማግስቱ ሱቅ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ ገላዋ ላይ የደረሰውን ያውቃል።

ቃሉን አብራችሁ ስታነቡ አስቀድማችሁ ራሳችሁ አንብቡት። ዘፍጥረት 16 ላይ ያለችውን አጋርን አነበብን፣ ከእመቤቷ የሸሸች ሠራተኛ ናትና ይነካቸዋል ብለን። መልአኩ "ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?" ብሎ ሲጠይቃት ሁሉም ቀና አሉ። ቀጥሎ ግን ወደ እመቤትሽ ተመለሺ ይላታል። አንዷ ጣቷን ጥቅሱ ላይ አድርጋ "ተመለሺ አላት?" አለች። መልስ አልነበረኝም። እንደሌለኝም ነገርኳት፣ አብረን ዝም አልን። በሳምንቱ እሷው ራሷ ምዕራፍ 21ን፣ አጋር በምድረ በዳ የውሃ ጉድጓዱን ያየችበትን፣ እያነበበች መጣች።

ቤተሰብ፣ ዕዳ፣ ደላላ

ያለፈቃዷ ለቤተሰብ አትደውሉ። ለመሄጃዋ በሬ ተሸጧል፣ በአራጣ ተበድረዋል፣ የላከችውን ብር ወንድሟ ጨርሶታል፣ አሁን ደግሞ ባዶ እጇን መጣች። ማን ቀድሞ እንዲያውቅ እንደምትፈልግ እሷ ታውቃለች። አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም ታላቅ እህት ናት። ሽማግሌ መላክ ካስፈለገ ሽማግሌዎቹን እሷ ትምረጥ፣ ምን እንዲሉም ከሷ ይስሙ።

ደላላው ብዙ ጊዜ የማይታወቅ ሰው አይደለም። የሰፈር ልጅ፣ የአክስት ባል፣ አብራት የተማረች ናት። በሰው መነገድን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። መክሰስ ከፈለገች የመልእክት ልውውጡን፣ የገንዘብ ደረሰኙን፣ የትኬቱን ቅጂ አታጥፉ፣ ቀን በቀን የምታስታውሰውን በራሷ ቃል ትጻፈው። ነፃ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጡ ጋር አገናኟት። መክሰስ ካልፈለገች አትጫኗት። ደላላውን ለመሸምገልም አትሞክሩ።

ሥራ

እዚህ ጋ በግልጽ ልናገር። ኅብረታችን ውስጥ "ለምን እኔ ቤት አትሠራም፣ ምግቧንና መኝታዋን እችላለሁ" የሚል ሰው በየጊዜው ይነሳል። በቅንነት ነው የሚለው። አይሆንም። ከሰው ቤት ሠራተኝነት ተጎድታ የመጣችን ሴት ያለ ደሞዝ ምእመን ቤት ማስገባት እኛው መልሰን እንደመሸጥ ነው።

ምን መሥራት እንደምትወድ ጠይቁ፣ መልሱ ወር ቢፈጅም ጠብቁ። ሁሉንም ፀጉር ሥራ ማስተማር ቀርቷል። ዓረብኛ የምትናገር ሴት የምትፈለግበት ቦታ አለ፣ ምግብ ማብሰል የምትችል አለች፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ መንከባከብ የለመደች አለች። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገቡ አሉን፤ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ግን ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ማታ ወደራሷ ቤት ትመለሳለች። አንዷ "ስምንት ሰዓት ሠርቼ በሩን ከፍቼ መውጣቴን ነው የምወደው" አለችን። የራሷ የባንክ ደብተር በራሷ ስም ይከፈት። ከወራት በኋላ ትንሽ ዕቁብ ብትገባ ጥሩ ነው፣ ዕዳውን ግን በ1 ጊዜ ልትከፍል አትሞክር።

የውጭ እንግዶች ሲመጡ

ከባሕር ማዶ ሚስዮናውያን ለ2 ሳምንት ይመጣሉ። በጸሎትም በገንዘብም ረድተውናል፣ እናከብራቸዋለን። ግን ከመምጣታቸው በፊት በደብዳቤ የምንነግራቸው ነገር አለ። ፎቶ አይነሳም፣ ፊት ሸፍኖም ቢሆን። ክፍሉ አይጎበኝም። ማቀፍ በነሱ ዘንድ ደግነት ነው፣ እሷ እጇን እስክትዘረጋ ግን ይጠብቁ። "ወደኛ አገር እንወስድሻለን" የሚል ነገር በቀልድም አይነገር፣ ደላላው የጀመረው በዚያ ቃል ነውና። አስተርጓሚዋ ሴት ትሁን፣ ከሷ ሰፈር ያልሆነች። እንግዶቹ በጣም ከጠቀሙን ጊዜያት አንዱ፣ አንዲት ነርስ መጥታ ምንም ሳትጠይቅ ከእህቶቹ ጋር 2 ሳምንት ሙሉ ዳንቴል ስትሠራ የከረመችበት ነው።

እናንተም ትደክማላችሁ። የሰማችሁት ሌሊት ይመጣባችኋል። በየ2 ሳምንቱ ተገናኝታችሁ ስም ሳትጠሩ አውሩ፣ የከበዳት ለወር ትረፍ። ልጆቿን ጥላ የምታገለግል እህት ካለች ወደ ቤቷ ላኳት።

ስትወጣ

ቀኑን እሷ ትቁረጠው። በመጀመሪያ የሰጣችኋት ጊዜ ከማለቁ 1 ወር በፊት ንገሯት፣ በድንገት አይሁን። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ ጀሪካኖቹን ይዛ ትሂድ፤ ለሚቀጥለዋ ሌላ ይገዛል። ዕቃውን ወንዶቹ ይጫኑላት፣ አዲሱ ቤቷ በር ላይ ሲደርሱ ግን አውርደው ይቁሙ። በሩን እሷ ትክፈተው።